ቤንዚኑን ማን ይቅመስ

በባሕርዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ መካኒክነት ደግሞ አባሰብኝ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ሜዳ ላይ ለምታርፍ ትንሽ የጸረ ተባይ መርጫ አውሮፕላን መካኒክ ሆኜ ስሠራ፣ ከአዲስ አበባ የሚላክልን የአውሮፕላን ቤንዚን ሳይመጣ ቀረ። አብራሪው የመኪና ቤንዚን እንጠቀም አለኝ። በዋጋ በጣም ይረክሳል፤ የአውሮፕላኗ መመሪያም ይፈቅዳል። መመሪያውን እኔም አንብቤዋለሁ። የፈቀደው ግን ንጹሕ ቤንዚን እንጂ በየመንገዱ በጀሪካን የሚዞረውን አይደለም። መኪና ቤንዚኑ ካልተስማማት ዳር ይዛ ትቆማለች፤ አውሮፕላን የምትይዘው ዳር የላትም።

ማደያዎቹ ደርቀው ስለነበር አብራሪው በሞተር ሳይክል ቤንዚን የሚያመላልስ ነጋዴ ከአማኑኤል ከተማ ጠራ። ሰውዬው ሁለት ጀሪካን አውርዶ ፈገግ አለ። ፈገግታው አልጣመኝም። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አሸተትኩት። ላምባ ላምባ ይላል፤ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ይተናል፣ እጄ ግን ቶሎ አልደረቀም።

«አንተ እናትህንም ሳትጠረጥር አትቀርም» አለኝ አብራሪው።

እኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ወደ ነጋዴው ዞርኩና፣ «በል እስቲ ቅመስልን። ከዚሁ አንድ ሊትር ሞተር ሳይክልህ ውስጥ ጨምርና ሜዳውን ዙርልን» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። የሞተር ሳይክሏን መቀመጫ እየዳበሰ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይቺ እኮ የልጆቼ እንጀራ ናት» አለኝ። «መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?»

አብራሪው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ ጀሪካኖቹን ራሱ ተሸክሞ ሞተር ሳይክሏ ላይ መልሶ ጫነለት።