በእትዬ ዘነቡ መዳፍ ላይ ያለው የወንድሜ ስፌት

ዛሬ በአንዲት እናት ጠባሳ ቀናሁ። በሰው ቁስል የሚቀና ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የወንድሜ የጌትነት አርባ ነበር። ጤና መኮንን ነበር፤ መጀመሪያ በሠራዊቱ ውስጥ ቁስለኛ ሲያክም፣ በኋላ አገሩ ተመልሶ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ኖረ።

እኔን "ባዮሎጂ አስጠናሃለሁ" ካለኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ሁልጊዜ ተረኛ ነበር።

ከኩልመስክ የመጡት እትዬ ዘነቡ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ማጭድ ቆርጧቸው እሱ ነው የሰፋቸው፤ ሰባት ስፌት።

"እንዳልፈራ ብሎ እያንጎራጎረ ነው የሰፋኝ" አሉ።

እኛ ቤት አንጎራጉሮ አያውቅም!

"ምነው አኮረፍክ?"

"እርስዎ የእጁ ሥራ አለዎት። እኔ ምንም የለኝም።"

"ወይ አንተ ሞኝ! በሩ ላይ ሳይህ እሱ መስለኸኝ ክው ነው ያልኩት። ፊቱን ይዘህ እየዞርክ በእኔ መዳፍ ትቀናለህ?"

ሳቅሁ፤ ወዲያው አለቀስኩ። ጓዳ ገብቼ መስታወት አየሁ። እውነታቸውን ነው። ግን መስታወት አያንጎራጉርም።

ዘፈኑን ጠየቅኳቸው፤ ረስተውታል።

ጌትነት ያከማችሁ ሁሉ፣ ወታደርም ሁኑ ገበሬ፣ ምን እንዳንጎራጎረላችሁ ጻፉልኝ። መቅናቴ አይቀርም፤ ቢሆንም ጻፉልኝ።