ገመዱ ሲዋሽ

መጋቢት ሰባት ነበር፤ ሐሙስ። ኢንጂነሩ ይህን ታሪክ ባነሳ ቁጥር እንዲህ ብሎ ይጀምርና ወዲያው ራሱን ይጠራጠራል። «ቆይ፣ እንዴት ሰባት ይሆናል? ጋሽ ምላጭ ጡረታ የወጡት ዓርብ ዘጠኝ ነው። እንግዲያው ሐሙሱ ስምንት ነበር ማለት ነው። ወይስ እኔው ነኝ ያዛባሁት?» ሚስቱ አጠገቡ ካለች፣ ቀኑን ተወውና ሰውየውን ንገራቸው ትለዋለች። እውነቷን ነው። ቀኑ ቢጠፋበት ሰውየው አልጠፉበትም።

ጋሽ ምላጭ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው። ከሸሚዛቸው ኪስ በወፍራም ወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ ጠፍቶ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነበር፤ አራት ክፍልና ከኋላው ጠባብ ግቢ። የሚሠራበት አንቴና ነው፤ ጣራ ላይ የሚተከለው ዓይነት ሳይሆን ልጥፍ አንቴና የሚሉት፣ ስስ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ የመዳብ ቅጠል። ኢንጂነሩ በኮምፒውተር ይነድፋል፤ ጋሽ ምላጭ ደግሞ መዳቡን የፀጉር ስፋት ያህል እየፋቁ ልኩን ያስይዙታል። የተቆረጠ መዳብና ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም ስለሚሉ፣ ከመቁረጣቸው በፊት ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ያዩታል። ዝምታቸው ቸኳይ ሰው ያሳብዳል።

አንቴና ከመንካታቸው በፊት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በዚያ ዘመን አንዲት ደንበኛ ሬዲዮዋን አስጠግና ወሰደች፤ በማግስቱ መልሳ አመጣችው። እሳቸው እጅ ላይ ያወራል። እቤቷ ሲገባ ዝም ይላል። ሦስቴ እንዲህ ከተመላለሰች በኋላ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እንግዲያው አንተንም አብሬ ልውሰድህ?» አለቻቸው። ወሰደቻቸውም። ጋሽ ምላጭ፣ እኔ ከሬዲዮ ጋር የተሰጠሁ መለዋወጫ ነኝ እያሉ ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ ሲያስቁ ኖረዋል። ኢንጂነሩ ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ መቶ ጊዜ ስለሰማውም አላዳመጠውም።

የዚያ ዓመት ሥራ ለእሱ ትልቅ ነበር። ክትባት ይዘው ሩቅ ጤና ጣቢያ የሚሄዱ ማቀዝቀዣ ሣጥኖች አሉ፤ በየሣጥኑ ውስጥ ሙቀቱን እየለካ ወሬውን በሞገድ የሚልክ መሣሪያ ይገባል። አንቴናው በሦስት ባንድ፣ ማለትም በሦስት የሞገድ መደብ፣ መሥራት አለበት። ላይኛው ባንድ ብዙ መረጃ በአንዴ ያሳልፋል፣ ግን ርቆ አይሄድም፤ መካከለኛው ለከተማ ዳርቻ ይበቃል፤ ታችኛው ጋራና ሸለቆ አልፎ የሚደርሰው ነው። ሦስቱም ከአንዲት ቅጠል። ጋሽ ምላጭ ንድፉን ሲያዩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ሦስት ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ልታኖር ነው፣ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም እንቅልፍ ያጣሉ ብለው ሳቁበት።

ኢንጂነሩ ግን ተወጣው። ቦታ ሲጠበው መንገዱን አጠማዘዘ፤ መዳቡን በቀጫጭን ክፍተቶች ሰነጣጥቆ፣ ኤሌክትሪኩ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ዙሪያ ጥምጥም እንዲጓዝ አደረገው። አጭሩ ቅጠል እንደ ረጅም ተቆጠረ። ስሙ ብቻውን የተጻፈበት የመጀመሪያ ንድፉ ነበር።

መጀመሪያ የለኩት ዕለት አንቴናውን በገመድ ከመለኪያው ማሽን ጋር አያያዙት። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይታያል፤ መስመሩ ጉድጓድ በገባበት ቦታ አንቴናው በደንብ ይሠራል፣ ጉድጓዱ በሰፋ ቁጥርም ብዙ መረጃ ይሸከማል። ሦስት ጉድጓድ፣ ሰፋፊ፣ ኮምፒውተሩ በተነበየው ቦታ ላይ። ሥራ አስኪያጇ አጨበጨበች። ጋሽ ምላጭ ገመዱን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረጉት፣ ስክሪኑን አዩ፣ ለቀቁት። ጥሩ ነው አሉ። ሻይ እንጠጣ አሉ።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ከባድ ጥቁር ቀለበቶች አገኘ። ለገመዱ ናቸው፣ ሲመችህ ታስገባቸዋለህ አሉት ጋሽ ምላጭ። የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ብሎ ወረቀት መጫኛ አደረጋቸው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሐሙስ ጠዋት፣ ስምንትም ይሁን ሰባት፣ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሣጥኑ ከተው፣ በራሱ ባትሪ ብቻ አስነስተው ግቢ ውስጥ አስቀመጡት። መቀበያውን ይዘው አጥሩ ጥግ ቆሙ። ላይኛው ባንድ መጣ። መካከለኛው መጣ። ታችኛው ጭጭ። ኢንጂነሩ ባትሪ ቀየረ፣ ብየዳውን አደሰ፤ ያው ነው። መልሶ ከማሽኑ ጋር ሲያያይዘው ጉድጓዱ ከነስፋቱ ቁጭ ብሏል።

ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ነገር አታስረዝምም እንጂ። ፋብሪካው ንድፉን የሚረከበው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ካልደረሰ ሁለት ባንድ ብቻ ያለው አሮጌው ንድፍ ይሄዳል፤ የሩቆቹ ሣጥኖችም እንደ ድሮው ያለ ወሬ ይጓዛሉ። ይህን ብላ ቢሮዋ ገባች።

ጋሽ ምላጭ በበኩላቸው መሳቢያቸውን እያራገፉ ነበር። የአሮጌ ብሎኖች ቆርቆሮ፣ አንድ እጀታ የሌለው ሲኒ፣ የልጃቸው የሠርግ ፎቶ። ኢንጂነሩ በራቸው ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ገመዱ ላይ ሲሆን ይሠራል። ሲነቀል ይሞታል።»

ቀና ሳይሉ፣ «እንግዲያው ገመዱንም ከክትባቱ ጋር አብረህ ላከዋ» አሉት።

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ያቺ ሴት፣ ሬዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው ሴት፣ ትዝ አለችው። ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ቀለበቶቹን ከወረቀቶቹ ላይ አንስቶ፣ ጠርጎ፣ አንድ በአንድ ገመዱ ላይ ሰካቸው። በሞገድ የሚወጣው ኃይል በገመዱ ላይ እንዳይሮጥ የሚያግዱ ቀለበቶች ናቸው። ሦስተኛው ሲገባ ታችኛው ጉድጓድ እንደ ጉም ተነነ።

ገመዱ ነበር ሲዋሽ የከረመው። አንቴና ማለት ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብረትም እኩሌታው ነው። የታችኛው ባንድ ሞገድ ረጅም ስለሆነ ብረቱ አጠረው፤ ማሽኑ ጋር በተገናኘ ቁጥር የጎደለውን ከገመዱ ይበደር ነበር። ኢንጂነሩ ይህን በዩኒቨርሲቲ ተምሮታል፣ ተፈትኖበት አልፏልም። ያማረ ጉድጓድ ያየ ሰው ግን ትምህርቱን ይረሳል።

ጋሽ ምላጭ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። መሣሪያውን ገለበጡት፤ የባትሪውን የብረት መያዣ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ይሄ ሥራ ፈት ምን ይሠራል እዚህ?»

ምንም አይሠራም፤ ባትሪ ይይዛል። ከሰዓቱን በሙሉ፣ ከሰሌዳው ሥር ካለው ብረት ጋር በስስ የመዳብ ክር ሊያገናኙት ሞከሩ። ክሩ ሲረዝም ታችኛው ባንድ ይስተካከልና መካከለኛው ይሸሻል፤ ሲያጥር ሁለቱ ይመለሱና ላይኛው ያኮርፋል። እነዚያ ባልና ሚስቶች ሲገላበጡ ዋሉ። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከክሩ የሚቆረጥ አንድ የመጨረሻ ቁራጭ ቀረ። ጋሽ ምላጭ ምላጩን ከወረቀቱ አውጥተው በእጁ አስያዙት።

«አንተ ቁረጥ።»

«እኔ? ጋሼ፣ ካበላሸሁትስ?»

«ያላበላሸ ማን አለ? ትንፋሽህን ያዝና ቁረጥ።»

ቆረጠ። ቀለበቶቹ እንደተሰኩ ለኩት፤ ጉድጓዱ ተመለሰ። እንደ ውሸቱ ጥልቅ አልነበረም፣ ግን ይበቃል። ኢንጂነሩ መቀበያውን ይዞ ከግቢው ወጣ። ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ ልብስ ሰፊውን አለፈ፣ የድልድዩ ጫፍ ደረሰ። ሦስቱም ባንድ አብረውት ነበሩ። ልብስ ሰፊው፣ አንድ ጎልማሳ ብቻውን እየሳቀ ሲመለስ በመስኮት አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ንድፉ ተፈርሞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የመሸኛ ኬክ ቀረበ። ቁረጡ ሲባሉ ጋሽ ምላጭ፣ እኔ ዛሬ ምላጭ የለኝም፣ አስረክቤያለሁ አሉ። ሥራ አስኪያጇ የጀመረችውን ንግግር በመሃል አቋርጣ ኬኩን ራሷ ቆረጠችው። አሥር ሰዓት ላይ ሚስታቸው በልጃቸው መኪና መጡ፤ በወረደው መስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ መለዋወጫዬን መልሱልኝ አሉ። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ምላጭ ቆርቆሯቸውን አቅፈው፣ ኢንጂነሩን ትከሻውን መታ አድርገው፣ ምስጋናውን ሳይጠብቁ ወጡ።

ኢንጂነሩ የማሽኑን ገመድ ሊጠቀልል ተመለሰ። ገመዱ በእጁ ሲያልፍ ጣቶቹ ቀለበቶቹን ነኩ፤ ያኔ ሌሎች ሁለት ጣቶች ታዩት፤ የመጀመሪያው ዕለት፣ ሥራ አስኪያጇ እያጨበጨበች፣ ገመዱን ሳብ ሳብ ያደረጉት። መስመሩ ከገመዱ ጋር ይነቃነቅ እንደሆነ ስክሪኑን አይተው የለቀቁት። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ የተገኙት ቀለበቶች።

ያን ቀን አውቀው ነበር? ካወቁስ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት ዝም አሉ?

ገመዱን ጥሎ የመግቢያውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። በሩ ጋ ሲደርስ መኪናዋ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሳለች። ጋሽ ምላጭ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው የበሩን ብረት በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሚስታቸው የሆነ ነገር ይነግሯቸዋል። «ጋሼ!» ብሎ ተጣራ። መኪናዋ ታጠፈች።