በእናቴ ቤት ያስገባሁት ንፋስ

እናቴ ስልክ አታነሳም። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ቀትር አልፎ ነበር፤ አፍሪዳር ሰፈር ባለው ቢሯችን የሚቀጥሉትን ሦስት ሕንፃዎች ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆሜአለሁ። አሽኬሎን ውስጥ ሰው ስልክ ካላነሳ መጀመሪያ የሚጣራው የሮኬት ማስጠንቀቂያ ጮኾ እንደሆነ ነው። አልጮኸም። ጸጥ ያለ የኦገስት ቀን ነው፤ ወበቁ ግን ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ያጣብቃል።

የኔ እናት ስልክ ወዳድ ናት። አንዴ ጠርቶ ሳይደግም "ወይ ልጄ" ትላለች፤ ከዚያ እኔ ነኝ ለመዝጋት ሰበብ የምፈልገው። አራተኛውንም ሳታነሳ ስትቀር ፕላኑን እንደተዘረጋ ትቼ የመኪናዬን ቁልፍ ያዝሁ።

ከአፍሪዳር እናቴ ያለችበት አጋሚም ሰፈር ሩቅ አይደለም። የዚያን ቀን ግን ቀይ መብራቱ ሁሉ ለኔ የተቀጠረ ይመስል ነበር። መሪውን ጨብጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ ቤት ማዝጋን የለም። በዚህ አገር ቤት የሚያቀዘቅዘው ማሽን እንደ በር የግድ የሆነ ነገር ነው፤ እሷ ቤት ግን የለም። እንዳይገባ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አርክቴክት ነኝ። ዘላቂ ንድፍ የሚሉት ነገር ለእኔ ሥራ ብቻ አልነበረም፣ እምነት ነበር። ቤት ፀሐዩን፣ ጥላውንና ንፋሱን አውቆ ከተሠራ በራሱ ይቀዘቅዛል። መብራት እየበላ፣ ሙቀቱን ጎረቤት ላይ እየተፋ የሚያጓራ ማሽን ግድግዳ ላይ መስቀል የአርክቴክቱ ስንፍና ነው ባይ ነኝ። በስብሰባ ላይ ይኼን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ አለቃዬ "ስብከቱ ተጀመረ" ይለኛል። ግድ አልነበረኝም። የአጋሚሙን ሕንፃ የነደፍሁትም በዚሁ እምነት ነው። በባሕሩ በኩል ባለው የሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ብዙ ሳይርቅ፣ ረጅም ቀዳዳ አለ። የባሕሩ ንፋስ በዚያ ይገባና ቤቱን አቋርጦ ሞቃቱን አየር በደረጃው በኩል ወደ ጣሪያ ገፍቶ ያወጣል። ለብርዱና ለዝናቡ ወራት ክዳን ይገጠምለታል፤ በጋ ሲመጣ ክዳኑ ተነቅሎ ይወሰዳል፣ ለነዋሪው የሚዘጋበት ነገር አይቀርለትም። ሆን ብዬ ነው። መዝጊያ ከሰጠናቸው ይዘጉታል፣ ከዘጉት በማግስቱ ማዝጋን ይገዛሉ ብዬ ተከራክሬ አሸነፍሁ።

እናቴ እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ስታገኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። "ማዝጋን አያስፈልግሽም እማዬ፣ ቤቱ ራሱ ይተነፍሳል" አልኋት። "ድሮስ ማን ፈልጎት" አለች። "የማዝጋን ንፋስ ጠላቴ ነው።" በጨው ልክ እንኳ የማንስማማ እናትና ልጅ በዚህ ተስማማን፤ እሷም በራሷ ምክንያት፣ እኔም በራሴ። የእሷን ምክንያት ቁጭ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሊፍቱን አልጠበቅሁም፣ አራት ፎቅ በሩጫ ወጣሁ። የቤቷን ቁልፍ እኔ ቤት ረስቼዋለሁ። ስደውል ስልኳ ከበሩ ወዲያ ሲጮኽ ይሰማኛል። "እማዬ!" እያልሁ በሩን በመዳፌ ስደበድብ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ወጡ፤ የእናቴ እኩያ ናቸው፣ የጎንደር ሰው፣ ትርፍ ቁልፏንም የሚይዙላት እሳቸው ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ ምን መጣ?"

"ስልክ አታነሳም እትዬ። ቁልፉን ቶሎ ይስጡኝ!"

በሩ ሲከፈት ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቴን ገፋኝ። መጋረጃው ወርዷል፣ አየሩ ቆሟል። እናቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል። "እማዬ" ስላት በሞተችው እኅቷ ስም ጠራችኝ።

አምቡላንስ ስጠራ ዕብራይስጡ አፌ ላይ ተበታተነ፤ ተምሬ ዲግሪ የያዝሁበት ቋንቋ። እትዬ ፎጣ አርጥበው ግንባሯ ላይ አደረጉላት። እኔ አየር ፍለጋ ወደ ቀዳዳዬ ዞርሁ። ቀዳዳ የለም። አሮጌ ጋቢ ታጣጥፎ ተጠቅጥቆበታል፣ ጠርዙ ዙሪያውን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ፊት ለፊቱ ትራስ ተደግፏል። በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ሠራተኞቼ እንደዚያ አጥብቀው ቢያሽጉልኝ አመሰግናቸው ነበር።

ፕላስተሩን በጥፍሬ ቀድጄ ጋቢውን ስጎትት እትዬ እጄን ያዙ። "ኧረ ተይ! በላቧ ላይ ንፋስ ይመታታል!"

ያኔ ገባኝ። ልጅ ሆኜ ሮጬ ስገባ መስኮት የሚዘጋው በዚህ ቃል ነበር፦ በላብሽ ንፋስ እንዳይመታሽ። ዛሬም አውቶቡስ ላይ እናቶቻችን ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ የሚያጠብቁት ለዚሁ ነው። ላብ ያጠመቀው ሰው ከንፋስ ይጠበቃል። እናቴም ሙቀቱ በበረታ ቁጥር፣ ላቧ በወረደ ቁጥር፣ ቀዳዳውን ይበልጥ ታጠብቀው ነበር ማለት ነው። የንፋሱን ፍጥነት ለክቻለሁ፣ ፀሐይ በየሰዓቱ የት እንደምታርፍ አውቃለሁ፤ ያ ንፋስ ገብቶ ላቧ ላይ የሚያርፍባትን ሴት ግን አልጠየቅሁም። ያሳደገችኝን ሴት! ሌላ አርክቴክት ቢሆን አላወቀም ይባልለታል። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የናቅሁት።

"ዓርብ ስመጣ እኮ ሁልጊዜ ክፍት ነው" አልኋቸው። እውነቴን ነው። ዓርብ ዓርብ እዚያው ሶፋ ላይ እዘረጋና ንፋሱ ሲነካኝ "አየሽ እማዬ? አየሽ?" እላለሁ።

እትዬ ፎጣውን እየጨመቁ አመነቱ። "አንቺ ስትመጪ ነው የምትነቅለው" አሉ በመጨረሻ። "መንገድ ላይ ነኝ ብለሽ ስትደውዪ ትጠራኛለች፣ አብረን እንነቅለዋለን። ተከናንባ ትቀመጥልሻለች። ስትሄጂ መልሰን እንደፍነዋለን። ልጄ ለፍታ የሠራችው ነው፣ ቅር ይላታል እያለች። እኛም በየቤታችን ደፍነናል፤ ላንቺ እንዳንናገር አስምላናለች።"

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽም። ለሕይወቷ ሳትሰጋ ለኔ ቅሬታ ትሰጋለች? ከዚያ የአምቡላንሱ ሰዎች ገቡ፤ ንዴቱም ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፣ አፈርሁ።

ሆስፒታል ብብቷ ውስጥ በረዶ አድርገው ግሉኮስ ሰኩላት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አልነገረኝም። የትንፋሿን ልክ የሚያሳየውን ማሽን እያየሁ ቆምሁ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። በምን ቋንቋ እንደጸለይሁ አላውቅም፣ ብቻ ጸለይሁ። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችው "ምሳ በላሽ?" ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የደከመና የቸኮለ። ቤቷ ማዝጋን አለ ወይ ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀኝ። የለም አልሁት። "ለምን የለም? በዚህ ሙቀት በዚህ ዕድሜዋ! አየር የሌለበት ቤት ውስጥ ማን አስቀመጣት?"

አፌን ሳልከፍት እናቴ ክንዷን ከነመርፌው አነሳችና ጠቆመችኝ። "ሀባት ሼሊ ባንታ" አለችው፤ ልጄ ናት የሠራችው። "ባይት ቶቭ። ባይት ቶቭ መኦድ።" ጥሩ ቤት ነው፣ በጣም ጥሩ። ቀጥላም ደረቷን እየመታች "አኒ ሳጋርቲ" አለች፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። የሰው ቢሮ ስትወለውል ኖራ የለቀመችውን ዕብራይስጥ ሁሉ ለኔ ሕንፃ ጥብቅና አዋለችው።

አልቻልሁም። ለሐኪሙ ነገርሁት፤ ቤቱን የነደፍሁት እኔ ነኝ፣ ማዝጋን እንዳታስገባ የነገርኋት እኔ ነኝ፣ ቀዳዳው ፊት አስቀምጬ መዝጊያ የነሣኋትም እኔ ነኝ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። በዚያ ሕንፃ ሌሎችም ሽማግሌዎች እንዳሉ፣ ዛሬውኑ ሰው ሄዶ ማየት እንዳለበት ጨመርሁ። እያዳመጠ ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈና ሄደ።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። "ጻፈው እኮ!" አለች። "ሰውዬው ጻፈው! እንጀራሽን ልታዘጊ ነው? ሂጂ ተከተዪው፣ አጥፋልኝ በይው!" ጎንደር ላይ ወደዚህ ለመምጣት ስምንት ዓመት የጠበቅነው አንድ ጸሐፊ ፋይላችን ላይ በጻፈው ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን የሚመስል ሰው ሲጽፍ ካየች ትንቀጠቀጣለች። እኔን ብላ ነው አሁን የምትንቀጠቀጠው።

"ይጻፈው እማዬ። የጻፈው እውነት ነው" አልኋትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት ልጠይቃት የሚገባኝን ጠየቅኋት። "ንፋሱ የት ላይ ነው የሚመታሽ?"

ሐኪሙ መራቁን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጣቷን ከጆሮዋ ሥር አንገቷ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ላይ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከገባሁበት ቀን ጀምሮ።"