ለሶዶው ቤት ሰው ስንፈልግ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም፤ የታሰረም የለም። አንዲት አክስት ከገጠር ወደ ከተማ መጣች፣ ከዚያም የሆነው ሆነ። በወላይታ ይህን የመሰለ ነገር ያልገጠመው ቤተሰብ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። አባቴም ቢያነበው ደስ አይለውም። ቢሆንም ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ነገር ለመጻፍ እሞክርና ተመልሼ ራሴን እዚሁ አገኘዋለሁ።

አባቴ ሻንቶ ውስጥ አስተማሪ ነው። ከእናቴና ከታናናሾቼ ጋር የምንኖረው እዚያው በኪራይ ቤት ነው። ሶዶ ላይ ግን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያልተጨረሰ ቤት አለው፤ ከኋላ ሁለት ክፍል፣ ከፊት ለመንገዱ የዞረ አንድ የሱቅ ክፍል። ብሎኬቱ ቆሟል፣ ቆርቆሮውም ለብሷል፤ ኮርኒስ ግን የለውም፣ ውሃም አልገባለትም። አባቴ በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨምርለታል። አንዱን ዓመት በር፣ ሌላውን ዓመት ለሱቁ የብረት መዝጊያ። ጡረታ ሲወጣ የሚገባበት ነው፤ ግን "ቤቱ" ብሎ አይጠራውም። "ሶዶ" ነው የሚለው። "ዘንድሮ ሶዶ መስኮት ትፈልጋለች" ይልና እናቴ "እኛስ ጫማ አንፈልግም?" ትለዋለች።

የ2017 መስቀል አልፎ ብዙ ሳይቆይ ቤቱ ባለበት ቀበሌ አንድ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭና ስትዞር ሰነበተች። ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የቆየ መኖሪያ ቤት ያለው ሁሉ ሰው እንዲያስገባ፣ ሱቅ ያለው እንዲከፍት፣ ይህን ያላደረገ ባለቤት ግን ቤቱን ቀበሌው ተረክቦ ለፈላጊ እንደሚያከራይበት ተናገረች። ደንቡ ክፉ ነበር ለማለት አልችልም። ቤት አጥተው በዘመድ ሳሎን የሚያድሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ዋጋ እስኪወጣ ሱቃቸውን ቆልፈው የተቀመጡ ነጋዴዎችም ነበሩ። አባቴ ነጋዴ አይደለም፤ ያም ሆኖ ቤቱ ዝግ ነው።

"ያከራዩት፣ ምን አለበት?" አለች እናቴ።

"ቀበሌ ያስገባውን ሰው ማን ያስወጣዋል?" አለ አባቴ። ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጥ አደረ።

መጀመሪያ ራሱ ተከራይ ፈለገ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ባዶ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ተከራይ ፍለጋ ስለወጣ፣ ተከራዩ እንደ ሙሽራ የሚለመን ሆኖ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ገብቶ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ፣ የውሃ ቧንቧ የት እንደሆነ ጠየቀ፣ ከዚያ "መምህር፣ ይሄኮ ትልቅ ጃንጥላ ነው" ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሌሎቹ እሱን ያህል እንኳ አልቆዩም።

እኔ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሶዶ እየተማርኩ ከሻንቶ በሚኒባስ እመላለስ ነበር። ስለዚህ አባቴ ፍራሽ አነጠፈልኝና እዚያ ማደር ጀመርኩ። መጋረጃ ሰቀልን። አምፖል አስገባን። አንድ የአባቴን ሸሚዝ አጥበን ገመድ ላይ አሰጣነውና አባወራ ያለበት ቤት እንዲመስል እዚያው ተውነው።

የቀበሌው ኮሚቴ ሰዎች አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ አንድ ጎልማሳ ሰውና አንዲት ወጣት ሴት። ሰውዬው ክፍሎቹን አይቶ ወደ ጓሮ ዞረ።

"ማን ነው የሚኖርበት?"

"እኔ" አልኩ።

"ከማን ጋር?"

ገመዱን አየሁ። ሸሚዙን በሁለት ጣቱ ያዘ። "ይሄ ሸሚዝ ባለፈው ሳምንት በዚህ ሳልፍም እዚሁ ነበር። አልደርቅ አለ እንዴ?"

ሴትየዋ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

"እህቴ፣ አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ነገ ትሄጃለሽ። አይጥም ያድርበታል፣ ግን አይጥ መታወቂያ የለውም። በዚህ ቀበሌ የተመዘገበ የቤተሰብ ኃላፊ ይኑር። ሱቁም ይከፈት። ለአባትሽ ንገሪ፣ ተመልሰን እንመጣለን።"

አባቴ መታወቂያውን ወደ ሶዶ ማዛወር አልቻለም፤ ሥራው ሻንቶ ነው። እናቴም ትንንሾቹን ትታ አትመጣም። ስለዚህ አክስቴ ታሰበች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከሃላሌ ከተማ በእግር ቁልቁል በሚወረድበት ሰፈር በባሏ መሬት ላይ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። አባቴን ያስተማረችው ቅቤ እየሸጠች ነው። ያላት ሀብት አንድ የሣር ቤት፣ አንዲት ላምና ቤቱን ከኋላ የከበበው እንሰት ነው። እንሰቷ በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ ሰርግ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ የሚለምናት እሷን ነበር።

ቅዳሜ ቀን ከአባቴ ጋር ሄድን። ነገሩን ሲነግራት እጇን በቅጠል እየጠረገች አዳመጠችው።

"ሕፃን ሳለህ አዝዬሃለሁ። አሁን ደግሞ ቤትህን ልዘል?" አለችና ሳቀች።

"እስከ ፋሲካ ብቻ ነው" አለ አባቴ። "ቁጥጥሩ እስኪያልፍ።"

"እንሰቴስ? እበት የሚያፈስለት ሰው ካጣ በአንድ በጋ ይኮሰምናል። ጃርቱም አለ።"

"የባልሽ ወንድም አጠገብሽ አይደል? ላሟንም እሱ ይያዛት።"

ወደ ጓሮዋ አየች። ከዚያ "አንተ ጠይቀኸኝ እምቢ ያልኩህ ቀን አላስታውስም" አለች። እሺ ማለቷ ነበር።

ሶዶ ለመመዝገብ ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋታል። ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ወደ ገጠሩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አውጥቶ ከመምታቱ በፊት አክስቴን "ጠቅልለሽ ነው የምትሄጂው?" ሲል ጠየቃት። እሷ አፏን ሳትከፍት አባቴ "አዎ፣ ጠቅልላ ነው" ብሎ መለሰ። ለጊዜው ነው ካለ መሸኛው እንደማይሰጥ፣ መሸኛ ከሌለ ደግሞ ሶዶ እንደማይመዘግባት ያውቃል። አክስቴ ዞር ብላ አየችው። ዳገቱን ስንወጣ "ለወረቀቱ ያህል ነው" አላት። እሷም "ለወረቀቱ ያህል" ብላ ደገመችው፤ እንደ አዲስ ትምህርት።

ሶዶ ከገባች ወር እንኳ ሳይሞላት ኮሚቴዎቹ መጡ። መታወቂያዋን አዩ፣ "እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ" አሏት፣ በሩ ላይ በቀለም ምልክት አድርገው "በጋው ሳይወጣ አንድ ጊዜ ደግሞ እናያለን" ብለው ሄዱ። አባቴ ያን ቀን ሥጋ ገዝቶ መጣ። የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ እየጠቀሰ ሲበላ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

አክስቴ በየማለዳው የሱቁን መዝጊያ በሁለት እጇ ወደ ላይ ትገፋና በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለም። አንዳንድ ቀን ሙዝ አመጣላት ነበር፤ እሱንም ለመንገደኛ ልጆች ትሰጠዋለች።

"እማማ፣ ምን አለ?" ይላታል አላፊው።

"ምንም የለም። ክፈቺ ስለተባልኩ ነው።"

ማታ አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ትነሳና ትቀመጣለች። በሣር ቤት ውስጥ ዝናብ እንዲህ አይጮህም ትለኛለች። እኔ ለፈተና አጠና ነበር፤ "አንብቢ፣ አልረብሽሽም" ትልና ጨለማው ውስጥ ዓይኗን ገልጣ ትጋደማለች። እጆቿ ሥራ ስላጡ ግራና ቀኙን እያሻሸች ነበር የምታመሸው። ወዟ ከፊቷ ሲጠፋ አየሁ፤ ለአባቴ ነገርኩት። "የከተማ አየር ነው፣ ትለምደዋለች" አለኝ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከሰፈሯ ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ሱቁ ደጃፍ ላይ አገኘቻትና ወሬ ነገረቻት። የባሏ ወንድም ልጁን ድሯል። ለሰርጉ እንሰቷ ተቆርጧል። ሙሽሮቹም የገቡት የእሷ ቤት ነው።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል፣ አክስቴ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ተቀምጣለች። አባቴን በስልክ ጠራሁት። ማታውኑ መጣ።

"ልሂድ" አለችው።

"ትሄጃለሽ። ግን መሸኛሽን ከዚህ መልሰሽ ካልወሰድሽ እዚያ አይቀበሉሽም። ከዚህ ከወሰድሽ ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው። ሁለተኛው ቁጥጥር ይለፍና..."

"ሰው ቤቴ ገብቷል እኮ።"

"ልጆች ናቸው። ታላቅ ነሽ፣ ስትመጪ ይወጣሉ። ትንሽ ታገሽኝ። ዕድሜዬን ያፈሰስኩበት ነው።"

ቋጠሮዋን ፈታች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አልመጡም?" አልመጡም። የካቲት አለፈ። መጋቢትም አለፈ። አባቴ አንድ ቀን ቀበሌ ድረስ ሄዶ "መቼ ነው የምታዩልን?" ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል፤ ሴትየዋ ደግሞ "መምህር፣ እሱ ነገር አሁን ቀዝቅዟል፣ ሰው ያለው ሌላ ዘመቻ ላይ ነው" አለችው። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያሉት ሱቆች እንደገና ከተቆለፉ ሰንብተው ነበር። የማየው እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኩትም ማለት ግን አይደለም፣ ነግሬዋለሁ። "ምናልባት እነሱ ተፈቅዶላቸው ይሆናል" ነው ያለኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ መሸኛዋን አስወጥቶ ይዟት ሄደ። የገጠሩ ቀበሌ ግን አልተቀበላትም። ነገሩ የመሬት ስለሆነ ለመሬት ኮሚቴው ይቅረብ ተባለ። ስብሰባው በተጠራ ቀን እኔም አብሬ ሄድኩ።

ሰዉ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የባሏ ወንድም ተነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አምስት ወንዶች ልጆች አሉት፣ መሬቱ ግን ለአንዱም አይበቃም።

"እህቴ ናት። እኔ አላባረርኳትም" አለ። "ጠቅልላ ሄደች። ጃርት እንሰቱን ሲጨርስ ሌሊት እየተነሳሁ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ልጄ ጎጆ የሚያቆምበት ቦታ የለውም፣ ቤቱ ደግሞ ባዶውን ቆሟል። እሷ ሶዶ የብሎኬት ቤት አላት፤ ሱቅም ከፍታለች።"

"ሱቅ አለሽ ወይ?" አሏት አንድ ሽማግሌ።

"እቀመጥበታለሁ" አለች።

"ምን ትሸጫለሽ?"

"ምንም።"

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ "እንዲህ ያለውን ንግድ ለእኛም አስተምሪን" አለ፤ የባሰ ተሳቀ። አክስቴ መሬት መሬት እያየች ቆማ ነበር።

አባቴ ተነስቶ እህቱ ሄዳ የነበረው ለጊዜው እንደሆነ ተናገረ። ሊቀመንበሩ እስኪጨርስ ጠበቀውና ድምፁን ሳያነሳ "መምህር፣ ያን ቀን እርስዎ ራስዎ ነዎት የመለሱልኝ" አለው።   በክፍል ውስጥ መልስ የጠፋው ተማሪ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ አባቴ እንደዚያ ተቀመጠ።

ኮሚቴው ብዙ አልቆየም። መሬቱ ላረሰው፣ ቤቱም ለገባበት ይጽና ተባለ። አክስቴ ራሷ ከተከለችው እንሰት የደረሰውን እንድትቆርጥ ተፈቀደላት። የደረሰው ግን በሰርጉ አልቋል።

"ቤቱን ልየው" አለችኝ። ሁለታችን ሄድን። ሙሽራዋ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት። ደንግጣ ወጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት፣ ወደ ውስጥ ሮጣ በርጩማ አወጣች፣ በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ሰጠቻት። "እማማ፣ ይቀመጡ፣ ምሳም አለ" አለቻት። አክስቴ ተቀመጠች። ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን እንደ እንግዳ በሁለት እጇ መለሰችላትና "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለች። ጓሮውን አልዞረችም። ስንወጣ ልጅቷ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችን።

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ከፊታችን ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ ሶዶ እስክንገባ ወደ ኋላ አልዞረም። አሁን አክስቴ የምትኖረው እዚያው የሶዶው ቤት ነው። ሱቁን የሚጠይቅ ስለሌለ መዝጊያው አይነሳም። ውሳኔው የተነበበው ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።