ማታ ይመጣል

የቴሌቪዥን ዜና ማስጀመሪያ ሙዚቃ፣ ያ ልብን የሚያጣድፈው ድምፅ፣ ከሰው ቤት መስኮት ሲወጣ ከሰማሁ ዛሬም መንገዴን አቋርጬ እቆማለሁ። ወዲያው ካርቱም፣ ካላክላ ሠፈር ያለው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ዓይኔ ላይ ይመጣል፤ እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ አንገቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ታሰግጋለች፣ አባቴ ደግሞ ከኋላዋ ቆሞ እኔን በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ ደም ብዛት ነበረባት። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት የመጣ መርዶ ሰምታ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሎ አባቴን አስጠንቅቆት ነበር። አባቴ አገሩ ሳለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ በፖለቲካ ተሰዶ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ትልቁ ገበያ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥ ነበር፣ ዐረብኛውንም እንደ ሱዳኖቹ ያንበለብለው ነበር። እናቴ ግን ቤት ውላ ለሐበሻ ሴቶች ቀሚስ ስለምትሰፋ ዐረብኛዋ ሽንኩርትና ክር ከመግዛት አያልፍም ነበር። ስለዚህ እዚያው የተወለድኩት እኔ፣ ገና በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ የቤቱ አስተርጓሚ ነበርኩ። አባቴ አንድ ቀን ጥግ ወስዶኝ፣ ሞት ያለበትን ዜና ለእናትሽ እንዳትተረጉሚ አለኝ። ሰው ሞተ ካሉ መንገድ ተዘጋ በያት፣ ተኩስ ካሉ ስብሰባ ነው በያት። እንዴት እንደኮራሁ! ምስጢር የሚነገራት ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ሰልፍ የጀመረው በብርዱ ወራት ነው። ዳቦ ጠፍቶ፣ ጎረምሶች መንገድ ላይ ጎማ እያቃጠሉ፣ ቴሌቪዥኑ ግርጌ «ዓጂል» የሚለው ቀይ ጽሑፍ፣ አስቸኳይ ማለት ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም ነበር። እናቴ ምን አለ ስትለኝ መንገድ ተዘጋ እላታለሁ፤ በማግሥቱም መንገድ ተዘጋ እላታለሁ። «ይሄ አገር ከመንገድ ሌላ ወሬ የለውም እንዴ?» ብላ ትስቅ ነበር። እኔና አባቴም አብረናት እንስቅ ነበር፣ እሱ ግን ሳቁ ከከንፈሩ አያልፍም ነበር።

ምክንያቱም ከእሷ የደበቅነውን ሁሉ እሱ ነበር የሚውጠው። የካርቱሙን በዐረብኛ፣ የአገራችንን በአማርኛ እያነበበ፣ የሞቱትን ሰዎች ፎቶ አንድ በአንድ እያሰፋ እያየ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይተኛ ነበር። እህል አልወርድለት አለ፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጥ ጀመር፣ ምን ሆንክ ሲሉት ፀሐይ መትቶኝ ነው ይል ነበር። ኧረ ተወው፣ ትንሽ እረፍ የሚለው ሰው አልነበረም። ማን ይበለው? እናቴ ምንም አታውቅም፣ እኔ ልጅ ነኝ።

ሙቀቱ ሲበረታ የሱዳን መንግሥት ወደቀ። አባቴ እጃችንን ይዞ ሰዉ ወደተሰበሰበበት አደባባይ ወስዶን፣ የማናውቃቸው ሴቶች እናቴን እያቀፉ፣ ውሃና ተምር እያደሉን፣ እሱም ከጎረምሶቹ ጋር እያጨበጨበ ሲዘፍን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ዜናውን ምንም ሳልቀንስ እተረጉምላት ነበር። እውነት መናገር ደስ ይል ነበር።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ያ ሁሉ በአንድ ጠዋት ፈረሰ። አደባባዩ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ብዙ ልጆች ሞቱ፤ ሠፈሮቹ መንገዳቸውን በድንጋይ ዘጉ፤ ኢንተርኔትም በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። እኔ ሞኟ፣ አባቴ አሁንስ ያርፋል ብዬ ነበር። ባሰበት እንጂ! የሚያነበው ሲያጣ ወሬውን በእግሩ ይለቅም ጀመር። ሃፍላ የሚሉት ሚኒባስ ስለማይሠራ ከካላክላ እስከ ሱቅ ዐረቢ በዚያ ሐሩር በእግሩ እየሄደ፣ ከአንዱ የሚያውቀው ሰው ወደ ሌላው እየዞረ፣ ማን ሞተ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ ሲል ይውልና አመድ መስሎ ይመለሳል። ያን ሰሞን ሠፈራችን መብራት ስለጠፋም ስልኩን አንድ ሱዳናዊ ሱቅ ቻርጅ አድርጎ ይተወው ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ከዳቦ ሰልፍ ስመለስ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷ በርቷል።

«አባትሽ ማታ ነው የሚመጣው፤ ባለ ሱቁ በስልኩ ደውሎ ነገረኝ። ብቻዬን በዐረብኛ አወራሁት እኮ!»

እኔም ጎበዝ አልኳት። እውነትም ጎበዝ መስላኝ ነበር፤ ያለ እኔ ዐረብኛ ስልክ አንስታ አታውቅም። ሰውዬው ስለ ባሏ ተናግሮ ማታ ሲላት፣ እሺ፣ ሹክረን፣ ሐምዲላህ ብላ አመስግናዋለች። ከዚያ በኋላ ዝም አለብኝ፣ መስመሩ ሳይበላሽ አልቀረም አለች። አባቴ ባምያ ይወድ ስለነበር ባምያውን ከትፋ ጣደች፤ የቤት ቀሚሷን ለውጣ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ እያንጎራጎረች ቤቱን ጠረገች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ሳይሆን አራት ሱዳናውያን መጡ። ደጃችን ላይ ቆመው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ ከንፈራቸውን እያነቃነቁ ጸለዩ። ሱዳኖች ለለቅሶ ሲመጡ እንዲህ ያደርጋሉ። እናቴ የሚመርቋት መስሏት አሜን፣ አሜን ብላ ወንበር ልታመጣላቸው ገባች። አንደኛው፣ ባለ ሱቁ፣ ተከትሏት የአባቴን ስልክ በሁለት እጁ ይዞ፣ በስልክ ያላትን ደገመላት። «ራጅሊክ ማት።»

ራጅሊክ በዐረብኛ ባልሽ፣ ማት ደግሞ ሞተ ማለት ነው። ለእናቴ ግን ማታ ነበር፣ ባሏ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት። ሞትና ማት ምን ያህል ይራራቃሉ? ጎረቤት ሁሉ በዚያ ክረምት ያችን ቃል ሲያላምጥ ነው የከረመው። እኛ ግን ቃሏን ከእናቴ ጆሮ አራቅናት፣ ቤታችን እንዳትገባ በር ዘጋንባት፤ ስትመጣ ታዲያ እናቴ በምን ታውቃት?

እናቴ ወንበሩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ሚሚ፣ ምን አለ?»

የሚጠቅሰኝ ሰው አልነበረም። የሞት ዜና ሳልለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጎምኩት ያን ጊዜ ነው።

«አባዬ ሞቷል ነው የሚሉት።»

አልጮኸችም። አልወደቀችም። ሰውዬውን አየችውና በአማርኛ፣ «ማታ ነው ያልከኝ» አለችው።

ጥይት አልነካውም። የሱዳናዊው ሱቅ በር ላይ ውሃ ጠይቆ፣ ሳይጠጣው ነው የወደቀው። ሆስፒታል ያደረሱት ሰዎች ሐኪሙ ደም ብዛት ነው ማለቱን ነገሩን። አይ አባዬ! በሽታዋን ከእሷ ላይ አንስቶ ራሱ ተሸክሞት ኖሯል። ያን ዓመት ዝናቡ ሲወርድ እናቴ ቴሌቪዥኑን አልዘጋችም፣ ምን አለ ብላም ጠይቃኝ አታውቅም። ዐረብኛውን በራሷ ተማረችው።

አሁን እኔ ሠርቼ የማድር ትልቅ ሰው ነኝ፣ ካርቱምም የምንመለስባት ከተማ አይደለችም። እናቴ ስልኳን አንግታ ውላ፣ የተቃጠለውን የካርቱም ሠፈራችንን፣ የሱዳኑን ጦርነትና የአገራችንን ጦርነት ስታይ ታመሻለች፤ የደም ግፊቷን ስለካው አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ትንሽ አረፍ በይ፣ ዝጊው እላታለሁ። «ያኔ ደብቃችሁኝ ምን አተረፍኩ?» ትለኛለች።  ያኔ ክፉውን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ውጦት ሞተ፣ ዛሬ ሁላችንም እንውጠዋለን፤ ማንም ማንንም አላዳነም።

ጠዋት ሥራ ስወጣ መቼ ነው የምትመለሺው ትለኛለች። ሲመሽ እላታለሁ። ማታ ብያት አላውቅም።