ዶክተር ትዕግሥትና የጥዱ ሙጫ

በሶዶ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ትዕግሥት ባለፈው ሰኞ ታመው በተኙበት አርፈዋል። መርዶው ገሱባ ገበያ ላይ ደረሰኝ፤ የያዝሁትን ቅቤ ሳልሸጥ ተመለስሁ። የሚያውቋቸው ሁሉ ስሙኝ። መጻፍ ብዙ አይሆንልኝም፣ ግን ያለብኝን ልናገር።

ከአባቴ በወረስሁት በጥድ ሙጫ ቁስል አክማለሁ። ይህን ሰምተው በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ በባጃጅ ቤቴ መጡ። «አዋ» አሉኝ። በእኛ አፍ አባት ማለት ነው። ከጎጃም መጥተው እንዲህ ሲጠሩኝ ደስ ቢለኝም ፊት አልሰጠኋቸውም።

«ሙጫችንን ወስደው በስምዎ ሊያደርጉት ነው?» አልኋቸው።

«ኧረ አዋ! ጠረኑን ልጠይቀው ነው የመጣሁት» ብለው ሳቁ።

ቤተ ሙከራቸው ወሰዱኝ። በሁለት ብልቃጥ ሐምራዊ ውሃ ቀዱ። ከዛፉ ትኩስ የተለቀመውን ሙጫ በአልኮል አሟሙተው በአንዱ ጠብ አደረጉ። ዐይኔ እያየ ሐምራዊው ደበዘዘ፣ ቢጫ ሆነ። «ሐምራዊው የጠፋው፣ ቅቤ ሲቆይ የሚያከረፋውን ነገር ይህ ሙጫ ስለሚከላከል ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከዛፉ ሥር ስቀመጥ በላዬ ምን እንደቆመ አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው የእኔን ጨመሩ። እኔ ጠረኑ ቆሻሻ መስሎኝ እስኪጠፋ ድረስ በጣሳ አፈላው ነበር። ውሃው ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠረኑም ከመድኃኒቱ ነው፤ እሳቱ ብዙ ወሰደበት» አሉ።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጥያቸው ወጣሁ።

አልተቀየሙም። በሳምንቱ እድራችን ተሰብስቦ ሳለ መጡና «የሙጫውን ነገር ያስተማሩኝ አዋ ናቸው» አሉ።

ጎረቤቴ ዳና «እኚህ ግትር? እሳቸው ዶክተር አስተማሩ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ቀጥሎ «ታዲያ እንዴት ይዘጋጃል?» አላቸው።

«እንደ አዋ ነዋ! ሳይፈላ። ጥልቅ ቁስል ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ።»

ሰው አጨበጨበልኝ። እኔም ጭብጨባውን ተቀበልሁ። ያን ቀን ጣሳዬን ጣልሁ፤ ምስጋናውን ግን እስከ ዛሬ ብቻዬን በላሁት።

ዶክተር፣ ሳይፈላ ያሉት እርስዎ ነዎት። አርባ ዓመት ሙሉ ያፈላሁት እኔ ነኝ። ይህን በሕይወት ሳሉ በዚያው እድር ፊት ልናገርልዎ ይገባ ነበር፤ አንገቴ አልታጠፍ አለኝ። አሁን ዳናም ያንብበው፣ ይሳቅብኝ። እርስዎ የእኔን ስም ጠበቁልኝ፤ እኔ የእርስዎን ዛሬ መለስሁልዎ። በሰላም ይረፉ፣ ልጄ።