የእናቴ መሶብ ተሸጠ

«ልጄ፣ መሶቡን እኮ አንድ እንግዳ ወዶት ወሰደው» አሉኝ ጋሽ ከድር፣ ዛሬ መሳለሚያ ሱቃቸው ስደርስ።

ሟች እናቴ በእጇ የሰፋችው መሶብ ነው። የሰጠኋቸው የላላውን ቆዳ እንዲቀይሩልኝ ብቻ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ቆዳ ሰፊ ናቸውና አመንኳቸው።

ፀሐይ አላስነካውም ነበር። አለላው ቀለሙን እንዳይለቅ አቧራውን የምጠርገው በደረቅ ጨርቅ ነበር።

እሳቸው ግን በላስቲክ ክር የተሰፋ አዲስ መሶብ አወጡልኝ። «ይሄ ይሻልሻል፤ በውሃ ይታጠባል!»

(አደራስ በውሃ ይታጠባል?)

«ጋሼ፣ የእናቴ ለቅሶ ላይ እኮ አብረውን ተቀምጠዋል» አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

ላስቲኩን እዚያው ትቼ ባዶ እጄን ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

እናንተስ፣ የምታምኑት ሰው አደራ በልቶባችሁ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ሰላም ትሉታላችሁ?